ትናንት ይሠራ ነበር

አገር ቤት የተማሪዎችን የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ያየ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል፦ «ትናንት ይሠራ ነበር።» እንግዶች ሪባን ቆርጠው ይገባሉ። ልጁ ማብሪያውን ይጫናል፣ ዝም። ደግሞ ይጫናል፣ ዝም። መምህሩ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ይነካካል፤ እንግዶቹ «በርታ፣ ጎበዝ» ብለው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ልጁ እኮ አልዋሸም፣ ትናንት ይሠራ ነበር። ትናንት ግን ሌላ ክፍል፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጠዋት በባጃጅ ተጭኖ ነው የመጣው።

ነገሩ የሚያንገበግበው እንግሊዝ አገር የሞዴል ባቡር፣ ማለትም በትንሹ ተሠርቶ በኮረንቲ የሚሄድ ባቡር፣ ኤግዚቢሽን ላይ፣ በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት ማለዳ ሲያዩት ነው። አራት ጡረተኞች ከአንድ ቫን ስድስት ገበታ፣ ሐዲዱ የተተከለበትን የእንጨት መደብ፣ ያወርዳሉ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ 7 ሜትር ከ20 የሚረዝም መስመር ከነጣቢያው፣ ከነድልድዩ፣ አጥር ላይ ከተሰጣው ልብስ ጋር ቆሞ ባቡር ይመላለስበታል። እሑድ ማታ ፈትተው ይጭናሉ፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ከተማ ይተክሉታል። የሚሠሩት መስመር ብዙ ጊዜ ዛሬ የሌለ ነው፦ በ1963 እ.ኤ.አ. ብዙ የባቡር መስመር ይዘጋ ያለው የቢቺንግ ሪፖርት ከወጣ በኋላ ከተዘጉት የገጠር መስመሮች አንዱ። እነሱ ለሞተባቸው ባቡር ተዝካር ያወጣሉ፤ ለእኛ ለጎጃሞች ደግሞ ገና አልተወለደም። የለንደኑ የሞዴል ባቡር ክበብ የተመሠረተው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው እውነተኛው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ፍረዱ።

«ገንዘብ ስላላቸው ነው» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ለሎኮሞቲቩ እውነት ነው፣ ውድ ነው። ነገር ግን የእነሱ ከቫን ወርዶ የሚሠራው፣ የእኛ ከባጃጅ ወርዶ እምቢ የሚለው በሎኮሞቲቩ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ያለው ሁለት ገበታ በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የሚውለው ዕቃ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ አለ።

ገበታው ብዙ ጊዜ 1200 በ600 ሚሊሜትር ይሆናል። በማንኛውም በር ያልፋል፣ ሁለት ሰው ሳይጨነቅ ይሸከመዋል፣ ከአንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶም አራት ይወጣል። ላዩ 9 ሚሊሜትር፣ ዙሪያው 100 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ክፈፍ፣ ሥሩ ሁለት ሦስት ማገር። እዚህ ድረስ ማንም አናጢ ይሠራዋል። ጫፉ ላይ ግን ሁለት የተለያየ ሥራ አለ፤ አንድ ዕቃ ሁለቱንም አይሠራም። ማጥበቅ የሁለት ባለ 8 ቡሎኖች ሥራ ነው። ማስተካከል ደግሞ የሁለት የናስ ፒኖች፤ ወንዴው በአንዱ ገበታ፣ ሴቴው በሌላው፣ ተገጣጥመው የማይወዛወዙ። ፒኑን ቶርኖ ቤት ያለ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ያወጣዋል። የቡሎኑ ቀዳዳ ሆን ተብሎ 10 ሚሊሜትር ይበሳል። አናጢያችን ይህን ሲሰማ «የላላ ቀዳዳ ምን ይረባል?» ይላል፤ ልክክ አድርጎ በ8 ይበሳዋል። ከዚያ ቡሎኑ ወደ ግራ፣ ፒኑ ወደ ቀኝ ይጎትታሉ፤ ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ሐዲዱ ይሳሳታል።

ቀዳዳው ራሱ የሚበሳው ክፈፉ ከመገጣጠሙ በፊት ነው፦ ሁለቱን የጫፍ ሳንቃዎች ፊት ለፊት አጣብቆ፣ በሞርሳ አስሮ፣ ሁለቱንም በአንድ ምት። በሜትር ለክቶ ለየብቻ የበሳ ሰው ግማሽ ሚሊሜትር ይስታል። በእንግሊዝ በብዛት በሚሠራበት መጠን፣ ማለትም በ76 እጅ አንሶ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው፤ ጎማውን ሐዲዱ ላይ የሚይዘው ከንፈር ጥልቀቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ግማሽ ሚሊሜትር እዚያ ላይ ገደል ነው።

ሐዲዱ ደግሞ ከጠርዙ አይጀመርም። ሁለቱ ገበታዎች ከታሰሩ በኋላ አንድ ወጥ ሐዲድ በላያቸው ይሻገራል። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በእያንዳንዱ ሐዲድ ሥር፣ በወዲህም በወዲያም የናስ ቪቴ ይገባል፤ ራሱ የሐዲዱን ሆድ ለመንካት እስኪደርስ ድረስ በካቻቪቴ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፤ ሐዲዱ በላዩ ይበየዳል። ካውያው በደንብ የጋለ ይሁን፣ ቶሎ ይነሣ፤ የቆየ እንደሆነ የፕላስቲኩ አግዳሚ ቀልጦ ስፋቱ ይጠብባል። ሐዲዱ መገጣጠሚያው ላይ የሚቆረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በቀጭን ዲስክ። ቀድሞ ቆርጦ በኋላ የሚበይድ ሰው ሁለት ጫፍ ሲያባርር ይመሻል።

ማለዳ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቡሎኑን ካጠበቀ በኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል። በዓይኑ አይተማመንም። የአመልካች ጣቱን ጥፍር ሐዲዱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ በመገጣጠሚያው ላይ ያሳልፋል፣ በቀኙ ሐዲድ፣ ከዚያ በግራው። ጥፍሩ ካልተደናቀፈ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከተደናቀፈ ቡሎኑን ይፈታል። በዚያ መሐል ማንም አያናግረውም። የእኛ ልጅ ግን በዚያች ሰዓት ባነር እየሰቀለ ነው።

ማስፋፋት ላይ ስንመጣ፣ እኛም እኮ ለቅጥያ የምናስብ ሕዝብ ነን! ከደጀን እስከ ባሕር ዳር መንገዱን ይዞ የሄደ ሰው ይመስክር፤ በየከተማው ስንት ጣሪያ ላይ ፌሮ ወደ ሰማይ ቆሟል። «ነገ ፎቅ እንጨምራለን» ነው ነገሩ። ፌሮው ዝናብ እየመታው ይዝጋል፤ ፎቁ የመጣ ዕለት ደግሞ ደረጃው የት እንደሚወጣ ማንም አላሰበም፣ ሳሎኑ ይፈርሳል። እንግሊዞቹ የሚተዉት ፌሮ ሌላ ነው። የመጨረሻው ገበታ ነጻ ጫፍ ልክ እንደ ሌሎቹ ጫፎች ይሠራል፦ ፒኑ እዚያው ቦታ፣ ቡሎኑ እዚያው ቦታ፣ ሐዲዱ ከፊት ጠርዝ እኩል ርቀት ላይ። ልኩ ከ3 ሚሊሜትር ላሜራ ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከስድስት ዓመት በኋላ አዲስ ገበታ ሲታሰብ የሚጠየቀው ያ ላሜራ ነው። ሁሉም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ አዲሱ ገበታ መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን መሐል ላይም ይሰካል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተለያይተው አዲሱን ያስገቡታል።

ቅጥያው እንዳያስታውቅ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ነው። አዲሱ ኮምፔርሳቶ ውፍረቱ ከድሮው ጋር እኩል ላይሆን ስለሚችል ከፍታው የሚለካው ከገበታው ላይ ሳይሆን ከሐዲዱ አናት ወደ ታች ነው። በሐዲዱ መካከል የሚበተነው ጠጠርና ቀለሙም ካለቀ በኋላ ያንኑ መልክ ማግኘት አይቻልም፤ ከመጀመሪያው ቅልቅል አንድ ጣሳ ጠጠር፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም ይቀመጣል። ያላስቀመጠ ሰው ቅጥያው እንደ ተጣፈ ሱሪ ከሩቅ ይታያል።

አገር ቤት ይህ ዕውቀት የለም ማለት ግን ሐሰት ነው። የዕድር ድንኳን አለ አይደል? ብረቱ በቀለም ምልክት ተደርጎበት፣ የትኛው እግር ከየትኛው አግዳሚ እንደሚገባ ጎረምሳው ሁሉ በጨለማ ያውቀዋል፤ ሌሊት ለቅሶ ቢመጣ ሳይነጋ ይቆማል። ለለቅሶ የምናውቀውን ለኤግዚቢሽን የምንረሳው ለምንድን ነው? የህዳሴ ግድብ ሞዴል ከጀሶ ተሠርቶ፣ ከክፍሉ በር ሰፍቶ፣ በመጋዝ ለሁለት ተቆርጦ ሲወጣ ያየ ይፍረድ።

ወደ ሽቦው እንለፍ፤ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው ቃል ቤቱ እዚያ ነው። ሐዲድን ከሐዲድ የምታያይዘው ትንሽ ቆርቆሮ ለማስተካከል እንጂ ኮረንቲ ለማሳለፍ አትታመንም፤ ቀለምና ኮላ ሲገባባት፣ ስትላላ ታቋርጣለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሐዲድ የራሱ ቀጭን ሽቦ ተበይዶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከገበታው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሚሄዱት ሁለት ባለ 1.5 ሽቦዎች ጋር ይያያዛል። ሽቦው ብዙ ጅማት ያለው ይሁን። ለቤት ግድግዳ የሚገባው ባለ አንድ ጅማት ሽቦ በየጊዜው ሲታጠፍ ውስጡ ይሰበራል፣ ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ቴስተር ካልያዙ ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉት ይውላሉ። ከገበታ ወደ ገበታ በእጅ እየጠመዘዙ ማገናኘት የለም፤ ወንዴና ሴቴ ያለው ሶኬት ነው። የአሮጌ ኮምፒውተር ባለ 25 እግር የፕሪንተር ሶኬት ጥሩ ነው፣ ጥገና ቤቶች ይጥሉታል። እግሮቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ለሐዲዱ ኮረንቲ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ያዙለት። የቱ እግር የምን እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ገበታው ሥር ይለጠፍ፤ የሠራው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ።

መብራት ቢጠፋስ? እዚህ ላይ ጎጃም ከእንግሊዝ ይሻላል። የሞዴል ባቡር ሞተር በ12 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ነው፤ ባለ 7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ግማሽ አምፔር የሚስብ ባቡርን ግማሹ ሳያልቅ ወደ 7 ሰዓት ያሠራል። ግን ባትሪ በሾርት ጊዜ አይራራም። ከፖዘቲቩ አጠገብ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ካልገባ ባቡር ወድቆ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኘ ለት ሽቦው ይቃጠላል።

ጠጠር መሸመት አያስፈልግም፤ ከጥቁር ድንጋያችን ብናኝ በሻይ ማጥለያ ተነፍቶ ይወጣል። ሆኖም ድንጋዩ ብረት አለበት። መጀመሪያ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉበት፤ አለዚያ የሞተሩ ማግኔት ይስበውና ጥርሱ ውስጥ ይገባል። በደረቁ ከተበተነ በኋላ ውሃ ይርከፈከፍበት፣ ከዚያ እኩል ኮላና ውሃ ከአንድ ጠብታ ላርጎ ጋር በመርፌ ይንጠባጠብ። ላርጎው ከሌለ ጠብታው ተንከባሎ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል። ሐዲድ መቀየሪያው አካባቢ ኮላ እንዳይደርስ፤ አንድ ጊዜ ከተጣበቀ መንቀል ነው። ለጎጆ ክዳን ቃጫ ተበጥሮ ተቆርጦ ይሆናል፣ ለሣር የተቀባ ሰጋቱራ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ግን እግርም ክፈፍም አታድርጉት፤ ሲደርቅ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል። ለክረምት ሲባል ኮምፔርሳቶውን ላዩንም ሥሩንም ቫርኒሽ ቀቡት፤ አንድ ገጽ ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል።

ሌላው የሚያስቀናው ጓዳቸው ነው። ከመስመሩ ግማሽ የሚደርሰው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ እዚያ አምስት ስድስት ባቡር ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ ፊት ለፊት የሚንቀሳቀስ ነገር ከጠፋ ተመልካች ቆሞ አይጠብቅም። እኛ ያለንን ሁሉ ሳሎን ላይ እንደረድራለን። ጠላውም እኮ ከጓዳ ነው የሚቀዳው።

ምን ይሠራ ቢባል ሁሉም «ዓባይ በረሃን» ይላል። ሒሳቡ ግን አይሆንም። ከደጀን እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1300 ሜትር አያንስም፤ በ76 ሲካፈል ከ17 ሜትር ይበልጣል፣ አምስት ፎቅ ማለት ነው። ባቡር በየ40 ሜትሩ አንድ ሜትር እየወጣ ይህን ለመጨረስ ቢያንስ 52 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ በሞዴል 684 ሜትር፣ ለአንድ ወገን ብቻ። ስለዚህ አንድ ድልድይ፣ አንድ ጥምዝ ይመረጣል፤ ገደሉ ከኋላ ሸራ ላይ ይሳላል። እንግሊዞቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ቪዲዮ ሲላክላቸው ዘመዶች የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ መናቅ ስሕተት ነበር፤ መልስ አለው። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም በ76 ስለሚያንስ ጭነቱ በ439 ሺህ ገደማ ይካፈላል። 100 ኩንታል የሚጭን ፉርጎ 23 ግራም ይጭናል። ባለ ሁለት አክስል ፉርጎ ባጠቃላይ 50 ግራም አካባቢ ካልመዘነ በየመገጣጠሚያው ይዘላልና 23 ግራሟ የግድ ታስፈልጋለች። ጤፍ ጫኑበት። ፍሬዋ ግን በ76 ስትባዛ የአዊ ድንች ታክላለች፤ ስለዚህ ፉርጎው ላይ «ድንች» ብላችሁ ጻፉ። በኮላም አጣብቋት፣ አለዚያ ሌሊቱን አይጥ ያራግፈዋል።