ስም የሌለው ጠርሙስ ከተረከዝ ይራቅ

ፔዲኪዩር ቤት ገብቶ እግሩን ሳፋ ውስጥ የነከረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን እያየ ነው። ሠራተኛዋ ከመደርደሪያው የሚረጭ ጠርሙስ ታነሣለች፤ ከትልቅ ጀሪካን የተቀዳ ነው፣ ጽሑፍ የለበትም። ተረከዙ ላይ ትረጭና በላስቲክ ትጠቀልለዋለች። የሌላ ደንበኛ ጥፍር ቀብታ ትመለሳለች። ሞረዱ ሲያርፍበት፣ ስንት ጊዜ በድንጋይ ተፈትጎ እምቢ ያለው ቆዳ እንደ ራሰ ወረቀት እየተጠቀለለ ይወርዳል። ደንበኛው ተደንቆ ቲፕ ይሰጣል። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደነበረበት ግን ሁለቱም አያውቁም።

ኬሚካሉን አልቃወምም። እንዲያውም ከምላጭ ይልቅ ኬሚካል ይሻላል ባይ ነኝ። የደደረ ቆዳ የሞቱ ሕዋሳት ክምር ነው፤ ጫማ፣ ክብደትና ሰበቃ የበዛበትን ቦታ ለመከላከል ነው የሚያድገው። ምላጭ ደግሞ የሞተው የት አልቆ ሕያው የት እንደሚጀምር አይለይም፤ ደም ጠብ ሲል ነው የሚታወቀው። ውሃ ጠጥቶ ባበጠ ቆዳ ላይማ ወሰኑ ጭራሽ ይጠፋል። የካሊፎርኒያ የውበት ሥራ ደንብ የደደረ ቆዳ ለመላጨት የተሠራ ስለትን ሳሎን ውስጥ መጠቀም ብቻ ሳይሆን ማስቀመጥንም ይከለክላል። እኛም ብንከለክለው ደስ ይለኛል። ግን ምላጩን ጥሎ ስም የሌለው ጠርሙስ ማንሣት አንዱን ጭፍን ሥራ በሌላ መተካት ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን መናገር የማይችል ቤት በደንበኛ እግር ላይ ሊያፈሰው አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። ሳሎን ውስጥ ሁሉም “ቆዳ ማንሻ” ወይም “የእግር መድኃኒት” ይባላል፤ በዚህ ስም ሥር ግን ጠባያቸው የማይገናኝ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ዩሪያ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ከሚበትነው ዩሪያ ጋር ሞለኪውሉ አንድ ነው (ይህ ማለት ከማዳበሪያ ከረጢት እየተዘገነ ይቀባል ማለት አይደለም፤ የማሳው ለቆዳ የተጣራ አይደለም)። እስከ 10 በመቶ ድረስ ዋና ሥራው ውሃ ስቦ ቆዳን ማለስለስ ነው። ከ20 እስከ 40 በመቶ ሲደርስ የደደረውን ቆዳ ኬራቲን፣ ማለትም ቆዳውን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን፣ እያላላ ያነሣል። ቀስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ሳሎን አይወደውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚመረጠው እሱ ነው። ማታ ተቀብቶ፣ ካልሲ ተደርጎበት የሚታደር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ የሚታይ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሳሊሲሊክ አሲድ፣ የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀውን ያላላል። እዚህ ላይ ቁጥር የማያነብ ሰው ይሳሳታል፤ ለፊት ብጉር የሚሸጠው 2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለእግር ቆዳና ለኪንታሮት የሚለጠፈው ፕላስተር 40 በመቶ ይደርሳል። ስማቸው አንድ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ሃያ እጥፍ ነው።

ቀጥሎ ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ ይመጣሉ። እነዚህን በመቶኛ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ፒኤቹም (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) መታወቅ አለበት። ቆዳ ውስጥ የሚገባውና የሚሠራው ሞለኪውሉ ሳይከፋፈል የቀረው አሲድ ነው። 10 በመቶ ላክቲክ አሲድ ፒኤቹ 3.5 ሲሆን ከግማሽ በላዩ በዚያ መልክ ይገኛል፤ ፒኤቹ 6 ከሆነ ግን ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መቶኛ ሁለቱም ላይ ያው ነው፤ አንዱ ቆዳ ያነሣል፣ ሌላው ቅባት ነው። በአሜሪካ የመዋቢያ ግብዓቶችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ቡድን ለቤት አገልግሎት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥና ፒኤቹ ከ3.5 እንዳይወርድ፣ ለሠለጠነ ሳሎን ባለሙያ ደግሞ እስከ 30 በመቶና ፒኤች 3.0 ድረስ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ተቀብቶ በደንብ ለሚታጠብ ምርት ብቻ ብሎ ወስኗል። ተረከዝ ላይ ሎሚ ማሸት የለመድን ሰዎችም ልብ እንበል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 ገደማ ነው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ ሲያርፍ የሚያቃጥለው በዚህ ነው።

የመጨረሻው አሲድ አይደለም፤ ተቃራኒው፣ አልካሊ ነው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይባላል። በአምስት ደቂቃ ተአምር የሚያሳየው “ማንሻ” በአብዛኛው ይህ ነው። ፀጉር ሠሪዎች ያውቁታል፤ የአንዳንዱ ሪላክሰር ጉልበት ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሪላክሰር ስትቀባ የጆሮና የግንባር ዳርቻውን በባዝሊን የምትከልል፣ ሰዓት የምትቆጥር፣ “አቃጠለሽ?” እያለች የምትጠይቅ ባለሙያ ያንኑ ኬሚካል ተረከዝ ላይ ቀብታ ስልክ ልታወራ ስትወጣ ማየት ይገርማል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በጥፍር ዙሪያ ያለውን ቆዳ ለሚያነሣ ምርት እንኳ ከ5 በመቶ በላይ አይፈቅድም፤ ዓይን ከነካ ሊያሳውር እንደሚችል መለያው ላይ እንዲጻፍም ያስገድዳል።

ይህ ኬሚካል ከአሲድ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። አሲድ ቶሎ ይቆጠቁጣል፤ የነካውንም ፕሮቲን ስለሚያረጋ ወደ ታች መዝለቁ በመጠኑ ይገታል። አልካሊ ግን ፕሮቲኑን እያሟሟ፣ ስቡን ወደ ሳሙና እየለወጠ መንገዱን ራሱ እየጠረገ ይወርዳል። ተረከዝ ደግሞ የሞተው ንብርብር ወፍራም በመሆኑ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ደንበኛው “አቃጠለኝ” ሲል ኬሚካሉ ሕያው ቆዳ ላይ ደርሷል። ንቃቃት ካለ ደግሞ አቋራጭ አገኘ ማለት ነው። ታጥቦም ቆዳው ሲነካ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ከሆነ ገና አልለቀቀም። እዚህ ላይ ብዙዎች ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጨምሮ “ማምከን” ይሞክራሉ፤ ስህተት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ጊዜም ይባክናል። መፍትሔው የሚፈስ ውሃ ነው፤ ቃጠሎ ካለ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ዓይን ውስጥ ከገባም እንዲሁ፣ ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? በመጀመሪያ የምርቱ መመሪያ የተለየ ካላለ እግሩ ሳይዘፈዘፍ ይጀመር። ሰላሳ ደቂቃ ውሃ ውስጥ የቆየ ቆዳ ኬሚካሉን ከሚገባው በላይ ይጠጣል፣ ውፍረቱንም ይዋሻል። በሳሙና ታጥቦ በፎጣ የደረቀ እግር ይበቃል። ከዚያ በብርሃን ይታይ፤ ስንጥቅ፣ ቁስል፣ በጣቶች መካከል የነጣና የራሰ ቆዳ ካለ ኬሚካሉ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። ሁለቱንም ውስጥ እግር በደቃቅ ነጭ ቅርፊት የሸፈነ ድርቀት ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፤ ማንሻ አይፈውሰውም። የቆዳው መስመር የሚቋረጥበት፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ያለበት ጠጣር ቦታም የደደረ ቆዳ ሳይሆን ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ እሱን መሞረድ ቫይረሱን ማሠራጨት ነው።

ጓንት የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ይሁን፤ አልካሊ ከሆነ መነጽርም ይደረግ። የጣቶቹ መካከልና የደደረው ቆዳ ዳርቻ በባዝሊን ይከለል። ምርቱ እግር ላይ አይረጭም፤ ጥጥ ላይ ይፈስና በጥጡ ይቀባል። ለአንድ ተረከዝ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ከበቂ በላይ ነው። የሚቀባው ተረከዝ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጉብታና የጣቱ ጎን ላይ ብቻ ነው፤ የእግር ቅስት ላይ ቆዳው ስስ ስለሆነ አይነካም። ሰዓት ይሞላ፣ በግምት አይሁን። መለያው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካለ የመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛ በ3ኛው ላይ ይታያል። “ከጠነከረ ትንሽ ይቆይ” የሚባለው ነገር የብዙ ቃጠሎ መነሻ ነው። የሚሻለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መድገም ነው።

ታጥቦ ማሟለጩ ሲቆም፣ ለአንድ ሰው ብቻ በሚውል የወረቀት ሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ በቀስታ ይሞረዳል። መቼ እንደሚቆም ማወቅ ነው ሙያው። የቆዳው ተፈጥሯዊ መስመር መታየት ሲጀምር፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ሲል ይበቃል። እንደ ሕፃን ተረከዝ እስኪሆን መሞረድ ደንበኛውን በማግሥቱ ያሳምመዋል፤ ቆዳውም ጥበቃውን ስላጣ ቶሎ ይደድራል። ከዚያ ባዝሊን ወይም ግሊሰሪን፣ ለቤት ደግሞ ዩሪያ ያለበት ክሬም። አሲድ ወደ እግር ገጽ ከፈሰሰ ሌላ ጣጣ አለው። ላክቲክና ግላይኮሊክ ቆዳን ለፀሐይ ስሱ ያደርጋሉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለች አዲስ አበባ ክፍት ጫማ አድርጎ የሚወጣ እግር ላይ ይህ ቀላል አይደለም። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ትንሽ ቁጣ እንኳ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ለማን አይሠራም? የስኳር ሕመም ላለበት፣ የደም ዝውውሩ ለደከመ፣ እግሩ ለደነዘዘ ሰው በፍጹም። ይህ የሚያከራክር አይደለም፤ ቃጠሎው ላይሰማው ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም፣ መጨረሻው መቆረጥ ሊሆን ይችላል። ለአስፕሪን አለርጂ ላለበት ሳሊሲሊክ አይቀባም፤ ለነፍሰ ጡርም ጠንካራው፣ በሰፊ ቦታ ላይ አይሆንም። ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ሰው ስላለ ግን መጠየቅ ብቻ አይበቃም። እንግሊዝ አገር፣ ኢፕስዊች ሆስፒታል ውስጥ የተነደፈ፣ መሣሪያ የማይፈልግ ዘዴ አለ። ደንበኛው ዓይኑን ይጨፍን፤ የሁለቱም እግር አውራ፣ መካከለኛና ትንሿ ጣት ጫፍ በጠቋሚ ጣት ለአንድ ሁለት ሴኮንድ በስሱ ይነካ፣ ሲሰማው ይናገር። ከስድስቱ ሁለቱና ከዚያ በላይ ካልተሰማው ማንሻው ይቀርና ሐኪም እንዲያየው ይነገረው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ሳፋው ሳልናገር ብቀር ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። በ2000 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሊፎርኒያ በአንድ የጥፍር ሳሎን ከ100 በላይ ደንበኞች እግራቸው ላይ ለወራት የማይድን እባጭ ወጥቶባቸው ነበር፤ ምንጩ በእግር መዘፍዘፊያው የውሃ መሳቢያ ውስጥ የተጠራቀመ ቆሻሻና ማይኮባክቴሪያ የተባለ ተህዋሲ ነበር፤ እግራቸውን ተላጭተው የመጡት ይበልጥ ተጠቁ። ስለዚህ ከፔዲኪዩር በፊት ባለው አንድ ቀን እግር አይላጭ። እኛ ዘንድ ሳፋው የሚታጠበው በበረኪና ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን አሲድ የነካ ሳፋ ላይ በረኪና ሲፈስ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይነሣል። በተዘጋች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠራተኛዋን የሚያስላት፣ ዓይኗን የሚያስለቅሳት ይህ ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ በሳሙና መፈተግ፣ በውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በጥብጦ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ እንደገና ማለቅለቅ።

ሙሽሮችንም እናስታውስ። ጥር ሲመጣ የላስቲክ ካልሲ የሚመስለው የአሲድ ማስክ ገበያው ይደራል። ሰርጓ ቅዳሜ የሆነች ሙሽራ ረቡዕ ካደረገችው ቆዳዋ መላጥ የሚጀምረው ጫጉላ ላይ ሆና ነው፤ ማስኩ ውጤቱን የሚያሳየው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ነውና። ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ይደረግ። ሂና ወይም እንሶስላ የምትታሰር ደግሞ ማንሻውን አስቀድማ ትጨርስ፤ ቀለሙ የሚይዘው ይኸው የሞተ ንብርብር ስለሆነ ከቀለሙ በኋላ ማንሣት ቀለሙን መላጥ ነው። ቆዳው ቆስሎ ወይም ቀልቶ ከሆነ ግን ሂናውም ይቆይ፤ በተለይ ጥቁሩ፣ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተጨመረበት ሊሆን ይችላልና።

ለሳሎን ባለቤቶች ይህ ሁሉ ውድ አይደለም። ከጀሪካን መቅዳት ካልቀረ እንኳ በጠርሙሱ ላይ በማርከር አራት ነገር መጻፍ ይቻላል፤ የኬሚካሉ ስም፣ መቶኛው፣ የደቂቃው ጣሪያ፣ የተቀዳበት ቀን። ጀሪካኑ ራሱ መለያ ከሌለው ደግሞ አይገዛ። የደንበኛው ድርሻ አንድ ጥያቄ ነው፤ “ጠርሙሱን ላየው?” መልሱ ትከሻ መስበቅ ከሆነ “ለእኔ ሞረድና ባዝሊን ይበቃኛል” ብሎ እግርን መዘርጋት ነው።