ይድረስ ለክቡር «አንድ ሰው»

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትዎ ግን ጉልበቴ ላይ ወጥቶብኛል፤ የፊተኛው ወንበር እየተጫነው።

ይህን የምጽፍልዎ ባሕር ዳር፣ ለአባይ ማዶ ከቆመ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠራዎታል። «አባይ ማዶ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» በዚህ ከተማ እንደርስዎ የሚጠራ ሰው የለም። ወንድ ይሁኑ ሴት እንኳ አላውቅም።

ስገባ መኪናው ጢም ብሎ ነበር። ደስ አለኝ። ለካስ ሦስቱ የረዳቱ ጓደኞች ናቸው፤ ለማሳመሪያ የተቀመጡ። ትክክለኛ ተሳፋሪ መምጣት ሲጀምር ሹልክ እያሉ ወረዱ። ሦስት ሰው ወርዶ የሚቀረው አሁንም አንድ ሰው ነው። የታክሲ ሂሳብ እንዲህ ነው።

ሾፌሩ አልፎ አልፎ ተስፋ ይሰጠናል። ሞተር ያስነሳል፣ ሁለት ክንድ ወደፊት ይሄዳል፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቆማል። አጠገቤ ያሉት እናት መጀመሪያ ላይ «በሰላም ያግባን» እያሉ ያማትቡ ነበር። አራተኛው ላይ ተዉት። የታቀፏት ዶሮ ብቻ ከፌስታሉ አንገቷን አውጥታ በሩን ታያለች። ከሁላችን መዘግየትዎ የጠቀመው እሷን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። በመኪና ለመሻገር ደቂቃ አይፈጅም። እርስዎን ለመጠበቅ ግን ግማሽ ሰዓት! በእግሬ ብነሳ ይሄኔ ተሻግሬያለሁ። ግን ልክ ስወርድ ቢመጡስ?

መቀመጫዎም ተዘጋጅቷል። ወንበሩ የሦስት ሰው ነው፤ እኛ አራት ነን። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እዚህች ጋ አንድ ሰው ይገባል» እያለ የሚያሳየው የእኔንና የእናትየዋን ዳሌ መሃል ነው። ትራፊክ ከታየ ደግሞ ጎንበስ ይላሉ። ክብርዎን ለጊዜው ይርሱት።

ባለፈው ሐሙስ ግን ጉድ ሆንኩ። እየሮጥኩ ስደርስ ረዳቱ «ና ና፣ አንድ ሰው!» ብሎ ጎትቶ አስገባኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለካ እርስዎ እኔ ኖሬያለሁ! ኮራ ብዬ ተሸጎጥኩ። በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ተነሳ። ሁለት ክንድ ሄድን።

በሩ ተከፈተ። «አንድ ሰው!»

አክባሪዎ፣
ከመሃለኛው ወንበር

ማሳሰቢያ፦ ሲመጡ ዝርዝር ይያዙ።