ሹመት ያዳብር

አንድ ጎረቤቴ ባለፈው ሰኔ ደወለልኝ። ኃላፊ ነው።

«ሐሙስ ለፖሊሶች ማዕረግ እናለብሳለን። አጭር ንግግር ጻፍልኝ።»

«ምን ያህል አጭር?»

«በጣም አጭር። አምስት ገጽ ይበቃል።»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ ያስተማረ ሰው ከዚህ አያመልጥም። የሠርጉም፣ የተዝካሩም፣ የሽኝቱም ወረቀት እሱ ቤት ነው የሚያልቀው። እሺ አልሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ራሱን በራሱ ጻፈ። «ክቡር እገሌ፣ ክብርት እገሊት፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች…» እዚህ ላይ አንዱን ከአንዱ አስቀድመህ ከተሳሳትህ ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ለተሿሚዎቹ የሚሆን ቦታ የተገኘው ሁለተኛው ገጽ ወገቡ ላይ ነው።

ቀጥሎ ታሪክ ጨመርሁ። ያለ ታሪክ ንግግር እዚህ አገር አይደምቅም። በ1873 ዓ.ም የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል ከአፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ሲቀበሉ ስማቸውም አብሮ ተቀየረ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ከተማችንም ብትሆን ከመንቆረርነት ወደ ደብረ ማርቆስነት ያደገች ናት። የዛሬ ተሿሚ ግን የሚቀየርለት ትከሻው ብቻ ነው።

ዋናው ባለ ተራ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ከዋና ሳጅንነት ወደ ረዳት ኢንስፔክተርነት። እናቱ ጋ ሄጄ ምን ተሰማዎት ብላቸው ጥያቄውን ወደ እኔ መለሱት።

«አስር አለቃ ሲባል ይገባኛል። ሃምሳ አለቃም፣ መቶ አለቃም ይገባኛል። ይኼ እንስፔተር የምትሉት የስንት ሰው አለቃ ነው?»

አላወቅሁም። «የብዙ» አልኋቸው። እልል አሉ።

እስከዚህ ሥራው ቀላል ነው። ጭንቁ የመጣው ምስጋናው ላይ ነው። አገሩ ጎጃም ነው፤ እነዋሸራና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ቅኔ ሲያዘርፉ የኖሩበት። እዚህ ሰው ሲመሰገን አዳራሹ አይጨበጭብም፣ ጆሮውን ነው የሚያቆመው። «ሰሙስ እሺ፣ ወርቁ የት አለ?» ይላል። ስለዚህ ረቂቁን ይዤ ቅኔ አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጋ ሄድሁ። የኔታ ጠላቸውን ይዘው ያዳምጡኝ ጀመር።

«እጁን ለሕዝብ የዘረጋ መኮንን…»

ብርጭቆው ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ትራፊክ ነው አላልኸኝም?»

«ነው።»

«እንግዲያ እጁን ሰብስብለት።»

ሰረዝሁ። «ሳይበላ ሳይጠጣ የሚያገለግል…»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አሁን ሊጀምር ነው ይሉሃል።»

ይኼንንም ሰረዝሁ። «የባጃጅ ሹፌሮች ገና ከሩቅ ሲያዩት ከኪሳቸው ያወጣሉ…»

«ምኑን?»

«መንጃ ፈቃዱን ነዋ የኔታ!»

«አልጻፍኸውማ!»

እንዲህ እያልን አምስቱ ገጽ አንድ ሆነ። እሱም አብዛኛው ክቡር ክብርት ነው።

የሚገርመው ሰውየው ንጹሕ ነው። እኔ ምስክር ነኝ። ቀበቶ ሳላስር ይዞ ቀጥቶኛል። ጎረቤት ነን አልሁት፣ ልጅህን አስተምሬያለሁ አልሁት፣ በማርቆስ ብዬ ለመንሁት። «ጋሼ፣ ባንክ ሄደው ይክፈሉ» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ይኼን ለየኔታ ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እሱን ነው መጻፍ!»

«ራሴን ላዋርድ?»

«ሌላ እውነት አለህ?»

አልነበረኝም። ግን አልጻፍሁትም። ክብር የሚባል ነገር አለ፤ የእኔን ማለቴ ነው።

«መጨረሻውስ በምን ያልቃል?» አሉኝ የኔታ።

«ሹመት ያዳብር።»

«እሱ የአባቶች ነው። ምንም አይወጣውም።»

ሐሙስ ደረሰ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጎረቤቴ ወረቀቱን እየጮኸ አነበበ። ኮስተር ያለ ንግግር ነበር፤ አንድም ሰው አልሳቀ። የኔታ ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ልቤ ረጋ።

«በመጨረሻም» አለ ጎረቤቴ፣ «ሹመት ያዳብር!»

ከኋላ ጋቢ የደረቡ አንድ ገበሬ ድምፃቸውን ከዝናቡ በላይ አደረጉት።

«መጀመሪያ ማዳበሪያው ይምጣ!»

ሰኔ መሆኑን ረስቼ ነበር። አዳራሹ ፈረሰ። የሃይማኖት አባቶችም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጎረቤቴ የገበሬውንም ንግግር እኔ የጻፍሁላቸው ይመስል አፈጠጠብኝ። የኔታን ባይ ኮርኒሱን ይመረምራሉ።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ አዲሱ ረዳት ኢንስፔክተር እንግዳውን እየጨበጠ መጣ። የትከሻው ምልክት ገና አልለመደውም፤ በአንድ ዓይኑ ያየዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

ልማድ ክፉ ነው። እጄ በቀጥታ ወደ ኪሴ ገባ። መንጃ ፈቃዴን ፍለጋ ነበር፤ ግን ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከጎኔ የኔታ ትን አላቸው።