ለኤሌክትሪክ መኪና ትልቅ ሳይሆን ቀላል ቸርኬ

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚከፋበት ነገር ቸርኬው ነው። ፋብሪካው የገጠመው ባለ 18 ኢንች በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ሲያየው «ይሄን አውልቄ ባለ 20 ላስገባበት» ይላል። ቸርኬ መቀየሩን አልቃወምም። የምቃወመው ማሳደጉን ነው። ገንዘቡ ካለ በዚያው በ18 ኢንች ቀለል ያለና ጠንካራ ቸርኬ ይገዛበት።

ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ፣ የ2022 ምርት፣ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ በ19 ኢንች ቸርኬ 396 ማይል፣ ማለትም 637 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ያው መኪና 21 ኢንች ሲገጠምለት 348 ማይል ወይም 560 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ባትሪው ያው፣ ሞተሩም ያው ነው። 12 በመቶውን የበሉት ቸርኬና ጎማ ናቸው። ለትልቅ ቸርኬ የሚመረጠው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊና መንገድ አጥብቆ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ሲንከባለል ይከብዳል። ክፍት ክፍት ያለው ቸርኬ ደግሞ አየሩን ያምሳል። በፍጥነት መንገድ ላይ ከፍተኛውን ኃይል የሚወስደው አየር መግፋት ስለሆነ፣ ያ የማያምር ፕላስቲክ ክዳን ሥራ ላይ ነው ያለው።

በነገራችን ላይ፣ ክፍት ቸርኬ ከኋላው ያለውንም ያሳያል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን ባብዛኛው የሚቀንሰው በሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ሸራው ከቸርኬው ጀርባ ያለውን የፍሬን ዲስክ የሚነካው አልፎ አልፎ ነው፤ ዲስኩም ይዝጋል። የቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ ፍሬን ደግሞ ጭራሽ ዲስክ ሳይሆን ታምቡር፣ ማለትም ሸራው በውስጡ የተሸፈነበት ክብ ብረት ነው። በስፖርት ቸርኬ መሃል ታምቡር ሲታይ ምን እንደሚመስል ከመግዛት በፊት ማሰብ ነው።

ከውበት በፊት የሚታየው ግን ክብደት የመሸከም አቅም ነው። ባትሪው መኪናውን ከባድ ያደርገዋል። በሹፌሩ በር መቃን ላይ ባለው ሰሌዳ የእያንዳንዱ አክስል ከፍተኛ ጭነት ተጽፏል፤ ለሁለት ይካፈልና ከቸርኬው ጀርባ ከተቀረጸው የጭነት መጠን ጋር ይነጻጸር። አክስሉ 1,300 ኪሎ ከተፈቀደለት አንዱ ቸርኬ ቢያንስ 650 ኪሎ መሸከም አለበት። ቁጥር ያልተቀረጸበትን ቸርኬ በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥመውም። ጎማውም እንደዚሁ ነው። 235/45 ባለ 18 (ስፋቱ 235 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ) የተጠናከረ ጎማ የጭነት መለያው 98፣ ማለትም 750 ኪሎ ነው። 235/35 ባለ 20 ደግሞ መለያው 92፣ ማለትም 630 ኪሎ ብቻ ነው። የሁለቱም ስፋት አንድ፣ ጠቅላላ ቁመታቸውም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ አቅማቸው የተለያየው ጭነቱን የሚሸከመው በውስጣቸው ያለው አየር ስለሆነ ነው። የጎማው ጎን ከ106 ሚሊ ሜትር ወደ 82 ሲወርድ አየሩም ይቀንሳል። ጉድጓድ ሲገኝ ምቱን ቸርኬው ይቀበለዋል፤ ርካሽ ቸርኬ ደግሞ ይሰነጠቃል።

መግጠም ላይ ሰው የሚሳሳተው በቡሎን ብዛት አይደለም፤ እሱን ሁሉም ይቆጥራል። ችግሩ ኢቲ የሚባለው ቁጥር ላይ ነው፤ ይህ ቁጥር የቸርኬው መግጠሚያ ገጽ ከስፋቱ መሃል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ በሚሊ ሜትር ይናገራል። ስፋቱ 8.5 ኢንች፣ ኢቲው 40 የሆነ ቸርኬ ወጥቶ 9.5 ኢንች፣ ኢቲ 35 ገባ እንበል። የተጨመረው አንድ ኢንች በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኢቲው በ5 ስለቀነሰ ቸርኬው ወደ ውጭ 17.7 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ወደ ውስጥ ደግሞ 7.7 ይጠጋል። መሪ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን የሚፍቀው ይህ 17.7 ነው።

የመሃሉ ቀዳዳም ይለካ። የቴስላ ሞዴል 3 ቀዳዳ 64.1 ሚሊ ሜትር ነው። ለብዙ ዓይነት መኪና ተብሎ የሚሠራ ቸርኬ ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ስላለው ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ይፈልጋል። ቀለበቱ ከተረሳ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቱም ለባላንስ ጎሚስታ ቤት ይመላለሳል። የቮልስዋገን ቡሎን መቀመጫው ክብ ነው፤ የብዙ ገበያ ቸርኬዎች ግን ሾጣጣ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ቡሎኑ የጠበቀ ይመስልና መንገድ ላይ ይላላል።

ክሪክ ከመግባቱ በፊት ቦታው ይረጋገጥ። ወለሉ ሥር ያለው ባትሪ ነው፤ ክሪኩ መቆም ያለበት አምራቹ ባመለከታቸው አራት ነጥቦች ላይ፣ በላስቲክ ድጋፍ ብቻ ነው። ቡሎኖቹ ወይም ዳዶዎቹ በእጅ ተጀምረው፣ በመስቀልኛ ቅደም ተከተል ተጠጋግተው፣ መኪናው ሲወርድ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ፤ ለሞዴል 3 መጠኑ 175 ኒውተን ሜትር ነው። የቡሎኑ ጥርስ ቅባት አይቀባም፤ ከቀቡት ያው መጠን ከልክ በላይ ያጠብቃል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ እንደገና ይፈተሽ። የአየር ግፊት ሴንሰሩ ከመኪናው ጋር የሚግባባ ዓይነት መሆኑም ቀድሞ ይጠየቅ፤ ጎማ ከገባ በኋላ ሴንሰር መቀየር ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ስለ ማሳመሪያው ብዙ አልልም። የኒኬል ጌጡን በጥቁር ፊልም መሸፈን ጉዳት የለውም። ከፊት ያለውን መኪና በሚያየው ራዳር ፊት ግን ብረት ያለበት ፊልም ወይም የስቱኮ ክምር አይለጠፍ፤ ራዳሩ ይታወራል። በሁለት ገጽ ማጣበቂያ የሚለጠፍ የኋላ ክንፍ ከመለጠፉ በፊት ቦታው በአልኮል ይጸዳል፤ ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬ የሚያገኘው በ72 ሰዓት ስለሆነ እስከዚያ አይታጠብም። ትንሹ ክንፍ ለመልክ እንጂ መኪናውን ወደ መሬት ለመጫን እንደማይረዳ ገዥው ይወቀው።

ሞላ ማሳጠርን አልመክርም። የሚቀርበው ባትሪው ነው ወደ መሬት። ይሁን የሚል ካለ በዚያው ቀን የጎማ አላይመንት ያሠራ፤ መኪናው ዝቅ ሲል ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብላልና። እንዲህ ያለ ጎማ የሚበላው ከውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ሽቦው ብቅ እስኪል ማንም አይጠረጥርም።