ማስተካከያ፦ ስለ ጄሲፔኒ እና ስለ ነባር ደንበኞቹ
ስለ አሜሪካ ዲፓርትመንት ስቶሮች (ልዩ ልዩ ዕቃዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች) መዳከም ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ጄሲፔኒ በ2020 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ እንደተዘጋና ለዚህም ምክንያቱ ታማኝ ደንበኞቹ ወደ ኢንተርኔት ግብይት በመሄድ ስለከዱት እንደሆነ ተገልጿል። ሁለቱም መታረም ይገባቸዋል።

ኩባንያው በዚያ ዓመት የኪሳራ ከለላ ጠይቆ በርካታ መደብሮችን ቢዘጋም፣ ሳይመን እና ብሩክፊልድ የተባሉት የገበያ ማዕከላት ባለቤቶች ገዝተውት ሥራውን ቀጥሏል።

የዲፓርትመንት ስቶሮቹ መዳከምም ከኢንተርኔት ግብይት በፊት የጀመረ ነው። ዋልማርት፣ ታርጌትና ኬማርት የመጀመሪያዎቹን የቅናሽ መደብሮቻቸውን የከፈቱት በ1962 ሲሆን፣ ሌላው ዲፓርትመንት ስቶር ሲርስ ቤተሰብ ሁሉ ያገላብጠው የነበረውን ትልቁን ካታሎጉን (የሚሸጡ ዕቃዎች መዘርዝር መጽሐፉን) ያቆመው ደግሞ በ1993፣ ማለትም አማዞን መጽሐፍ መሸጥ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ደንበኞቹ ከዱት መባሉ በተለይ ፍትሐዊ አይደለም። ጄሲፔኒ በ2012 ዋጋ የሚያስቀንሱ ኩፖኖችንና ተደጋጋሚ ቅናሾችን አስቀርቶ ወጥ ዋጋ ሲያወጣ፣ ኩፖን ቆርጠውና አስቀምጠው ቅናሽ ጠብቀው መግዛት የለመዱት ነባር ሸማቾች ወደ መደብሩ የሚያመጣቸውን ነገር አጡ፤ የዓመቱ ሽያጭም በሩብ ያህል አሽቆለቆለ። ውሳኔው የአስተዳደሩ ነበር፤ ለዓመታት ሳይታክቱ የተመላለሱ ሰዎች ተጠያቂ ሊደረጉበት አይገባም።