«ሸጣው ነው» ላላችሁ ወገኖቼ

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ለገዛ ወገኖቼ ነው። የምጽፈውም ተቆጥቼ ነው፤ ፉድ ስታምፓቸው፣ ማለትም መንግሥት በካርድ የሚሰጣቸው የቀለብ ድጎማ፣ የተሰረቀባቸውን እናት «ሸጣው ነው» ስላላችኋቸው። ንዴቴ ይበርድ ይሆናል ብዬ ብዙ ጠበቅሁ። አልበረደም።

ነገሩ የሆነው በ2025 የሁዳዴ ጾም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ነው። የስቶሩን ስም አልጠራም። እናቲቱም ስማቸው እንዲነሳ ስለማይፈልጉ እማማ እያልኩ እቀጥላለሁ። እማማ ሰባውን አልፈዋል። የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገው ሲጨርሱ ለብቻቸው የአረጋውያን አፓርታማ ገቡ። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከስቴት ስቴት ሲል ነው የሚከርመው። የሚበሉት በፉድ ስታምፕ ነው። በዚያ ዓመት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ከፍተኛው 292 ዶላር በወር ነበር፤ የእሳቸው ከዚያም ያንሳል።

ገንዘቡ በገባ ማግስት ወደ ግሮሰሪው ሄዱ። ምስር፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና አንድ እሽግ እንጀራ ይዘው ወረፋ ቆሙ። ተራቸው ደርሶ ካርዱን ማሽኑ ላይ ሲያሳልፉ እምቢ አለ። ደገሙት። ካሸሩ ስክሪኑን አየና «እናቴ፣ ባዶ ነው» አለ። «ትናንት እኮ ነው የገባው» አሉት። ትከሻውን ሰበቀና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ከኋላቸው የቆሙት ሐበሾች ነበሩ። አንዷ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ «ሸጣው ነው፤ ስንቱ እየሸጠ አይደል?» አለች። አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ዝም አሉ። እማማ ያነሱትን ዕቃ አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መልሰው ወጡ። ይህን የነገረችኝ እዚያው ወረፋ ላይ የነበረች ልጅ ናት። ዝም ካሉት አንዷ እሷ ነበረች፤ ስትነግረኝ አለቀሰች።

እማማ አልሸጡም። ተሰርቀው ነው። እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ እግራቸው ረግጦት በማያውቅ ስቴት፣ አንድ ሰው የወር ቀለባቸውን በአንድ ግዢ ሙልጭ አድርጎ ወስዶታል።

እንዴት ይሆናል ለምትሉ ላስረዳ። ሌቦች በስቶር የካርድ ማሽን ላይ ልክ እሱኑ የሚመስል ክዳን ይደርባሉ። ካሸሩን አንዱ ወሬ ሲያስይዘው ሌላው በሰከንዶች ውስጥ ገጥሞት ይወጣል። ክዳኑ የካርዱን መረጃም የምንነካውን ሚስጥር ቁጥርም ይቀዳል። ከዚያ ያንን መረጃ ሌላ ካርድ ላይ ይጭኑትና ገንዘቡ የሚገባበትን ሌሊት ይጠብቃሉ። የባንክ ካርዶቻችን ቺፕ ካገኙ ዓመታት አልፈዋል። የአብዛኛው ስቴት ኢቢቲ (የፉድ ስታምፕ) ካርድ ግን ዛሬም ለመቅዳት ቀላል በሆነው በጥቁሩ ማግኔት መስመር ብቻ ነው የሚሠራው። ካሊፎርኒያ በ2025 ባለ ቺፕ ካርድ ማደል ጀምራለች። የባንክ ካርድ ሲሰረቅ ገንዘቡን እንዲመልሱ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ከ1996 ጀምሮ ኢቢቲ ከዚያ ሕግ ውጭ ነው። የሚጠበቀው ያለው ሰው ገንዘብ ነው፤ የደሃዋ ቀለብ ሜዳ ላይ ነው። ይህ ያበሳጨኛል። ግን ዛሬ የተነሳሁት ከዋሽንግተን ሕግ አውጪዎች ጋር ልጣላ አይደለም።

እማማ ከዚያች ቀን በኋላ ለማንም አልተናገሩም። ለልጃቸውም አልነገሩም። «የመንግሥት ገንዘብ አጥፍተሻል ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? የገዛ ሰዌ ያላመነኝን ፈረንጅ ያምነኛል?» አሉኝ በኋላ ስጠይቃቸው። ቤታቸው በነበረች ጥቂት ሽሮና በሻይ ከረሙ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ መክሳታቸውን አይተናል። ጾሙ ከብዷቸው ነው አልን። እኔም ብዬዋለሁ። ጾም ላይ የከሳ ሰው ምን በላህ ተብሎ አይጠየቅም።

የሚቀጥለው ወር ገንዘብ ገባ። ካርዱ ያው፣ ሚስጥር ቁጥሩም ያው ነበር። ሌባው የቀዳው ካርድ ዋናው እስካልተሰረዘ ድረስ ይሠራልና በዚያው ሌሊት እንደገና ወሰደው። ለፋሲካ ያሰቡትንም ጭምር። ያወቅነው ከበዓሉ በኋላ ልጃቸው መጥቶ ባዶ ፍሪጅ ሲከፍት ነው።

የመጀመሪያውን ወር የወሰደው ሌባው ነው። ሁለተኛውን ግን እኛም አብረን ወስደናል። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው «እማማ፣ ተሰርቀው ይሆናል፣ ኑ አብረን እንደውል» ቢላቸው ኖሮ በአንድ ስልክ ካርዱ ይሰረዝ ነበር። አለማገዛችን አንሶ አሸማቀቅናቸው። ሌባውን አልመክረውም፣ ይህንንም አያነበውም። የምታነቡት እናንተ ናችሁ።

ባለ ስቶሩም ወንድሜ ነህና ልንገርህ። በዚያው ሳምንት ሌሎች ደንበኞችህም ካርዳቸው ባዶ መሆኑን ነግረውህ እንደነበር ሰምቻለሁ። ስቶሬ ስሙ ይጠፋል ብለህ ዝም አልክ። ማሽንህን ነቅንቀህ፣ ክዳኑን በጥፍርህ ሞክረህ ብታየው ምን ይወስድብሃል? በር ላይ አንዲት ወረቀት በአማርኛ ጽፈህ «ሚስጥር ቁጥራችሁን ቀይሩ» ብትል ማን ይቀየምሃል? እንጀራህን የሚገዙህ እነዚሁ እናቶች ናቸው።

ፉድ ስታምፕ በግማሽ ዋጋ በጥሬ ገንዘብ የምትገዙም አላችሁ። ታውቃላችሁ፣ እኛም እናውቃችኋለን። ወንጀል መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የማታውቁት ሌላ ነገር ነው። «ሸጣው ነው» የሚለው ሐሜት ያን ያህል በቀላሉ ከአፍ የሚወጣው እናንተ ስለምትገዙ ነው። የእናንተ ትርፍ የእማማን እውነት ሐሰት አስመሰለው።

አሁን ንዴቴን ልተወውና ወደሚሠራው ልሂድ። እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ካርዴ ባዶ ሆነ ካለች መጀመሪያ እመኗት። ከዚያ እዚያው ቆማችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ። በቴክስት ወይም በኢንተርኔት በሚመጣ ሌላ ቁጥር አትደውሉ፤ እሱም የሌቦች ሊሆን ይችላል። ሚስጥር ቁጥሯን ለሚጠይቅ ለማንም አትንገሩ፤ መሥሪያ ቤቱ አይጠይቅም። አሮጌው ካርድ ተሰርዞ አዲስ ይላክ። ምን፣ የትና በስንት ሰዓት እንደተገዛ ዝርዝሩን ጠይቁ፣ ለቤኔፊት ቢሮውና ለፖሊስ አመልክቱ፣ ወረቀቱን አስቀምጡ። እንግሊዝኛ አስቸጋሪ ከሆነ «አምሃሪክ» ካሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ተሰረቅሁ ብሎ ማመልከት ማንንም አያስጠይቅም።

ገንዘቡስ ይመለሳል? እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። ከኦክቶበር 2022 እስከ ዲሴምበር 20፣ 2024 ለተሰረቀው የፌዴራሉ መንግሥት ይተካ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተተክቷል። ኮንግረስ ግን አላራዘመውም። የእማማ የተሰረቀው ከዚያ በኋላ ስለሆነ አልተመለሰላቸውም። ማመልከቱ ግን ሁለተኛውን ስርቆት ያስቀራል። እስከሚቀጥለው ወር ምን ትብላ ለሚለው 211 ደውሉ፤ ቅርብ ያለውን የምግብ እርዳታ ይነግሯችኋል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆናችሁ ማና ፉድ ሴንተር አለ። ከሁሉ በፊት ግን የራሳችሁን ድስት ክፈቱ።

እናቶቻችሁ ገና ያልተዘረፉ እናንተም አትዘናጉ። ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን በፊት ሚስጥር ቁጥሩን ቀይሩላቸው። 1234ንና የልደት ዓመትን ተዉ። ሲነኩ በሌላው እጃቸው እንዲሸፍኑ አሳዩአቸው። በብዙ ስቴት ካርዱን በስልክ አፕ መቆለፍ ይቻላል፤ ሲገዙ ተከፍቶ ሲጨርሱ ይዘጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ገንዘቡ የሚገባው በአያት ስም ፊደል ተከፋፍሎ ከወሩ 4 እስከ 23 ስለሆነ የእናታችሁን ቀን እወቁ። የባንክ አፓችሁን በቀን ስንቴ የምታዩ ልጆች የእናታችሁን ካርድ በወር አንዴ ማየት እንዴት ይከብዳችኋል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አወጡ። ስልክና አፕ ይዘው ሚስጥር ቁጥር ይቀይራሉ፣ ካርድ ይቆልፋሉ፣ ሲያስፈልግ ያስተረጉማሉ። ሐሳቡ ከእነሱ ነው የመጣው፣ ማንም አላዘዛቸውም። ብዙ ሰው አይመጣም። እናቶቻችን ካርዱን ከቦርሳ ማውጣት ገና ያፍራሉ፤ ያሳፈርናቸው እኛ ነንና አልፈርድባቸውም። አንዳንዷ ዙሪያውን አይታ፣ ሰው ሲቀንስ ነው የምትጠጋው። አንዳንድ እሁድ ጭራሽ ማንም ሳይመጣ ይዘጋሉ። ልጆቹን እንዳይታክታችሁ ስላቸው «ይመጣሉ» ይሉኛል። እኔ እንደነሱ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን መተው አልሆነልኝም። በሚመጣው እሁድ እናታችሁን ይዛችሁ ኑ። ራሳችሁ ካርድ ካላችሁ ደግሞ እናንተ ቀድማችሁ አውጡና ሌላው ይከተላችሁ።