ጎርፉ መንገድ ላይ ሳለ

በቻድ ዋና ከተማ በንጃሜና ዝናቡ መስከረም ማለቂያ አካባቢ ያባራል። ከባዱ የወንዝ ሙላት የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ እየከረረ፣ ውሃ ቤት ይገባል።

ከተማዋ የተቀመጠችው ሻሪና ሎጎን የተባሉት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ሻሪ የሚነሳው ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነው፤ ሎጎን ደግሞ ከካሜሩን ደጋ። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ ውሃው ቀስ ብሎ ይጓዛል። ደቡብ ውስጥ ሳርህ ከተማ ላይ የሞላው ሻሪ ንጃሜና እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ።

ታዲያ ይህን ድንገተኛ አደጋ እንበለው? እኔ አልለውም።

በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጎርፉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ጎዳ። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጣው ኦክቶበር ላይ ነው፤ ብዙ ቤት ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ። የንጃሜናው የዋሊያ ሰፈር ነዋሪዎች በጆንያ አሸዋ እየሞሉ በገዛ እጃቸው መከለያ ሲሠሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ሆነ። በተባበሩት መንግሥታት መረጃ መሠረት በ2024 በ23ቱም ክፍለ አገሮች 1.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጎዳ፣ 576 ሰው ሞተ። በረሃው ቲቤስቲ እንኳን አልቀረለትም። እርግጥ የቲቤስቲው ደራሽ ውሃ ነው፤ እሱን ቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው። የሻሪን ግን ወንዙ ራሱ ይናገራል።

እርዳታው የሚንቀሳቀሰው ግን ፎቶው ከወጣ በኋላ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው። ጥናት ይደረጋል፣ ጥሪ ይተላለፋል፣ ለጋሾች ይሰበሰባሉ። ገንዘቡ ሲለቀቅ ማሽላው በስብሷል፣ የጭቃው ቤት ፈርሷል።

ምሥራቁ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ከኤፕሪል 2023 ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በድንበር ከተማዋ በአድሬ በኩል ገብተዋል። ቻድ ባሕር በር የላትም። አብዛኛው እህል የሚገባው በካሜሩኑ የዱዋላ ወደብ ነው፤ ከዚያ ንጃሜና ድረስ ብቻ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ክረምት ሲገባ በጋውን ደረቅ የነበሩት ወንዞች ይሞላሉ፣ መንገዱ ይቆረጣል። ለዚህ ነው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከዝናቡ በፊት ገንዘብ ስጡኝ ብሎ የሚወተውተው። ሚያዝያ ላይ የተሰጠ ገንዘብ መጋዘን የገባ እህል ይሆናል። ያው ገንዘብ ሐምሌ ላይ ቢመጣ መኪናው ወንዝ ዳር ይቆማል።

«ሰዉስ ረባዳ ቦታ ላይ ለምን ቤት ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ይህን ስሰማ ያናድደኛል። ድሃ የሚኖረው አቅሙ የፈቀደለት መሬት ላይ ነው። ልቀቅ የሚለው አካል የት እንደሚሄድ አብሮ ሊነግረው ይገባል። ድንኳን መልስ አይደለም፤ ውሃው ሲጎድል ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሥራው፣ ዘመዱ፣ ማሳው እዚያ ነውና። ደግሞም ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። የ2022ቱን ዝናብ ያጠኑ ሳይንቲስቶች በቻድ ሐይቅ ተፋሰስ የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ክረምት የመከሰት ዕድል 80 እጥፍ ያህል እንዳሳደገው ተናግረዋል። ቻድ ወደ ሰማይ የለቀቀችው ጭስ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ስለዚህ የገንዘቡ አሠራር ይቀየር። ሳርህ ላይ ውሃው የተወሰነ ልክ ሲያልፍ፣ ሌላ ስብሰባ ሳይጠበቅ ገንዘቡ ይለቀቅ። ጆንያው፣ ፓምፑ፣ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ጥሬ ብር ውሃው ሳይደርስ ዋሊያ ይድረስ። ጎርፉ ቢቀርስ? ፓምፑና ጆንያው ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣሉ፤ ብሩም ለተቸገረ ቤተሰብ ነው የደረሰው።